ኩላሊት ያጤሰውን

በሬሲፌ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ሥር፣
መስኮት የሌለው ክፍል፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ወንበር፣
ሁለት ማቀዝቀዣ፣ ቁልፋቸው አንገቴ ላይ፤
ውጭ ድንጋይ ይቀልጣል፣ እኔ በሹራቤ፣ ሳላይ ውዬ ፀሐይ።

ሐኪሟ አታውቅም። ነርሱ አያውቅም። እናትም፣ ልጅም
ከረጢቱን አይተው ሊለዩት አይችሉም።
የተለመደው ክኒን ለሁሉም ይሰጣል፤
ከዚያ በላይ ግን፣ በደም ሥር፣
ለግማሹ አዲሱ መድኃኒት፣ ለግማሹ የጨው ውሃ ይንጠባጠባል።
የማን የቱ እንደሆነ፣ ቁጥሩን ከነዕጣው፣
የማውቅ እኔ ብቻ፣ ቀማሚዋ ኔውዛ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ቁጥር ዐሥራ ሰባት። ዕድሜ ዐሥራ አምስት።
ስሟን ማወቅ አልነበረብኝም፤ ሊፍት ውስጥ ሰማሁት፣
"ጁሳራ፣ ኮፍያሽ!" ብላ እናቷ ስትጮህባት።
ፀሐይ ያገኛት እንደሆን ጉንጯ ላይ ቀይ ቢራቢሮ ያርፋል፤
እዚያው ባረፈና በቀረ! ሉፐስ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል።
የገዛ ደሟ ዘብ፣ ሌባ ያየ መስሎት፣ ቤተኛ ይደበድባል፣
ኩላሊቷ ፕሮቲን ያፈስሳል፣ ሽንቷ አረፋ ይደፍቃል።

ቤቷ ከባሕሩ ሦስት ጎዳና ነው የሚርቀው።
ጓደኞቿ በቀትር ይዋኛሉ፤ እሷ የምታውቀው
የመሸውን ባሕር ነው፣ ጥቁሩን፣ ድምፅ ብቻ የሆነውን፣
ኳስ ሲለጉ የዋሉት ልጆች በርዶ የተዉትን።

ስቴሮይዱ ፊቷን ነፍቶታል። የአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ
የተማሪ ካርዷን ገልብጦ፣ "ይሄ የማን ነው?" ይላታል።
አንድ ማክሰኞ ደግሞ የሃያ አራት ሰዓት ሽንቷን
በጀሪካን፣ በትምህርት ቤት ቦርሳ ይዛ ስትመጣ፣
ክዳኑ ላልቶ ጠብ ሲል አንዱ ልጅ አይቶባት፣
"ጭማቂ ነው?" ቢላት፣
"አዎ፣ የካዡ" አለችው፣ "ስኳር ግን የለበት።"
ነርሱ እየሳቀ ነገረኝ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤
ኋላ መነጽሬን ስጠርግ ነው ሌላው የገባኝ።

በስድስተኛው ወር ውጤቷ ከፋ።
ጣሪያዬ ላይ የሐኪሟ ኮቴ ይመላለሳል።
እጄ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ። ሁለት መደርደሪያ፣ በመካከላቸው አንድ ጋት።
ውሃውን ትቼ ያኛውን ባነሳ ማን ያያል?
ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ሁለቱም እኩል ክብደት።
በሩን ከፍቼ ስቆይ ማንቂያው ጮኸብኝ፣
የማቀዝቀዣ ማንቂያ ነው፤ ለእኔ የፍርድ ቀን መለከት።
አንድ ጊዜ ብዋሽ ቁጥሩ ሁሉ ይዋሻል፣
ገና ያልታመመች አንዲት ልጅ፣ የማላውቃት፣
በእኔ ውሸት ትታከማለች።
ይህን ብዬ ነው የዘጋሁት? ወይስ ፈርቼ? እስካሁን አልለየሁም።
ውሃውን ሰቀሉላት። ሹራቤን ደርቤ ተቀመጥሁ፤ አልሞቀኝም።

ኮዱ የተፈታ ዕለት ራሴው ወጣሁ ላይ፤
መጋረጃው ተዘግቷል፣ እንዳያገኛት ፀሐይ።
"ያንቺ ውሃ ነበር" አልኋት። "ውሃ ብቻ?" "ከጨው ጋር።"
ዝም አለች። ጣሪያ አየች። ትጮኻለች ብዬ ስቸገር፣
"ታዲያ ያ ሁሉ ማቅለሽለሽ" አለች፣ "ከምን ነበር?"
እናቷ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣
ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ፈለገች።

"ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን
እሱ አንድዬ ያውቃል" ይባላል። እኔ ያወቅሁት ከረጢቱን፣
ከረጢቱን ብቻ ነው።
ትናንት እውነተኛውን ሰቀሉላት፤ ጥናቱ ሲያበቃ እንዲህ ነው ውሉ።
ማቅለሽለሽ አልመጣባትም። ብርቱካን በላች አሉ።
ሽንቷ የሚናገረው ዓርብ ነው።
ቁልፉ አንገቴ ላይ አለ፤ የሚከፍተው ምሥጢር ግን የለውም።
ዓርብን እንደማንም ሰው፣
ሳላውቅ እጠብቃለሁ።